የመካድ ተቃራኒ የሆኑ ቃላትና በንግድ ጽሑፍ ውስጥ ያላቸው ክብደት

ነጋዴ ሰው አልፈልግም የሚልበትን ቃል ሳይቸገር ያገኛል። «አልገዛም»፣ «አልቀበልም»፣ «ይህ ፊርማ የእኔ አይደለም»፣ «እንዲህ ያለ ዕዳ አላውቅም» ሲል በሱቅም ሆነ በወደብ፣ በደብዳቤም ሆነ በችሎት የሚሳሳት ሰሚ የለም። ችግር የሚነሣው እሺ በሚልበት ጊዜ ነው። እሺ የሚባልበት መንገድ ብዙ ነውና፤ አንዱ እሺታ ወረቀት መድረሱን ብቻ ይነግራል፤ ሁለተኛው ዋጋን ያጸናል፤ ሦስተኛው ሊጠፋ የተቃረበ ዕዳን ያድሳል፤ አራተኛው ሌላ ሰው ያለ ፈቃድ የሠራውን ሥራ የራስ ያደርጋል።

ስለዚህ የመካድና ያለመቀበል ተቃራኒ የሆኑትን ቃላት ለይቶ ማወቅ የሰዋስው ተማሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ፣ ወደ ውጭ አገር የሚልክ፣ በሱቁም በዱቤ የሚሸጥ ሁሉ በየቀኑ በእነዚህ ቃላት ላይ ይፈርማል። የፈረመበት ቃል ካሰበው በላይ ከያዘ ያልፈለገውን ግዴታ ይሸከማል፤ ካሰበው በታች ከያዘም መብቴ ነው ብሎ የተማመነበት ነገር በእጁ ሳይገኝ ይቀራል። ከዚህ ቀጥሎ ዋና ዋናዎቹ ቃላት በየተራ ይመረመራሉ።

ሀ. «አመነ»

በአማርኛ የመካድ ዋናው ተቃራኒ ማመን ነው። ሁለቱም ቃላት ጥንታውያን ናቸው፤ በግዕዝ «አምነ» እና «ክሕደ» ይባላሉ። በጸሎት ፍጻሜ የሚባለው «አሜን» ከዚሁ ከማመን ሥር የወጣ ነው። ማመን ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው በሌላ ሰው መተማመን ነው፤ ሁለተኛው የተባለውን ነገር እውነት ነው ብሎ በራስ ላይ መመስከር ነው። በዱቤ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ደንበኛውን ያምናል፤ ደንበኛውም በተራው ዕዳውን ያምናል። አንዱ ቃል ለሁለቱም ወገን ማገልገሉ በአጋጣሚ አይደለም፤ የዕዳው ማመን ለሰውየው መታመን የሚመለስ ብድር ነውና። ዕዳውን የካደ ሰውም ገንዘብ ያስቀረ ብቻ ሳይሆን የታመነበትን ያፈረሰ ሆኖ ይቆጠራል። በፍርድ ቤትም ተከሳሹ ክሱ ከተነበበለት በኋላ የሚሰጠው መልስ እስከ ዛሬ «የእምነት ክሕደት ቃል» ይባላል።

ይህ ቃል በንግድ ሥራ ከፍ ያለ ዋጋ የሚኖረው በይርጋ ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውሎች የደነገገው ክፍል ዛሬም ይሠራበታል። በዚህ ሕግ ቁጥር 1845 መሠረት፣ ሕጉ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር፣ ከውል የመነጨ ጥያቄ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ቁጥር 1851 ግን ባለዕዳው ዕዳውን ያመነ እንደሆነ የተቆጠረው ዘመን እንደሚቋረጥ ይናገራል። ወለድ መክፈል፣ ከዕዳው ላይ ጥቂት መቀነስ፣ መያዣ ወይም ዋስ መስጠት ሁሉ እንደ ማመን ይቆጠራሉ። ዘመኑም ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠራል።

ለምሳሌ፣ ዘጠኝ ዓመት ያለፈው ዕዳ ያለበት ሰው አበዳሪው ላሳሰበው ደብዳቤ «ደብዳቤዎ ደርሶኛል» ብሎ ቢመልስ፣ መልእክቱ መድረሱን ገለጸ እንጂ ስለ ዕዳው ምንም አልተናገረም። «ቀሪውን ብር 40,000 እስከ ሰኔ 30 ቀን እከፍላለሁ፤ ጥቂት ይታገሡኝ» ብሎ ቢጽፍ ግን ዕዳውን አምኗል። አበዳሪው ይህችን ወረቀት በጥንቃቄ ሊያስቀምጣት ይገባል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው። ባለዕዳውም ቢሆን ሲጽፍ በትሕትና የተናገረ ብቻ ሳይሆን በራሱ ላይ ምስክር ያቆመ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ለ. «ደረሰኝ»፣ «ተረከብሁ»፣ «ተቀበልሁ»

የአማርኛ ቋንቋ ከሁሉ ይልቅ ነጋዴውን የሚያሳስተው «ተቀበልሁ» በሚለው ቃል ነው። መቀበል በእጅ ይሆናል፤ እንግዳም ደብዳቤም ዕቃም በዚህ ቃል ይገለጻሉ። መቀበል በልብም ይሆናል፤ ሐሳብን፣ ዋጋን፣ ኀላፊነትን መቀበል እንደማለት ነው። «የላኩልንን የዋጋ ዝርዝር ተቀብለናል» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ዝርዝሩ ደረሰ ማለት ነውን? ወይስ በዋጋው ተስማማን ማለት ነው? ጸሐፊው የመጀመሪያውን አስቦ ይጽፋል፤ ሻጩ ሁለተኛውን አንብቦ ዕቃውን ይጭናል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ በአንድ ቃል ላይ ይሆናል።

ነገር ግን ቋንቋው ራሱ መድኀኒቱንም ይዟል። ለገንዘብ ምስክር የሚሆነው ወረቀት «ደረሰኝ» ይባላል። ቃሉ ወደ እኔ መጣ፣ እጄ ገባ ማለት እንጂ ተስማማሁ ማለት አይደለም። ስለዚህ ደብዳቤ፣ ናሙና ወይም የዋጋ ዝርዝር መምጣቱን ብቻ ለመግለጽ የሚፈልግ ነጋዴ «ደርሶናል» ብሎ ይጻፍ። «ተቀብለናል» የሚለውን ግን በነገሩ መስማማቱን ሊናገር ለወደደበት ጊዜ ይተወው። የነገሩን ስም ጨምሮ «ዋጋውን ተቀብለናል» ቢል ደግሞ የበለጠ ይጠራል።

በሁለቱ መካከል «ተረከብሁ» የሚለው ቃል ይገኛል። መረከብ ዕቃውን ቆጥሮ በኀላፊነት መያዝ ነው። የመጋዘን ሠራተኛ በመኪና የመጣውን 200 ካርቶን ሳሙና ቆጥሮ ሲፈርም ቁጥሩን መሰከረ እንጂ በየካርቶኑ ውስጥ ያለው ሁሉ በውሉ መሠረት መሆኑን አልመሰከረም። ቢሆንም በወረቀቱ ላይ «በሙሉና በመልካም ሁኔታ ተቀብያለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር አስቀድሞ ታትሞ ከተገኘ ያልመሰከረውን እንደመሰከረ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲቀርብለት ከፊርማው በላይ «በቁጥር 200 ካርቶን ተረክቤአለሁ፤ ውስጡ አልተመረመረም» ብሎ በእጁ ይጻፍ። 12ቱ ካርቶኖች ርሰው ቢያገኛቸውም ይህንኑ በዚያው ወረቀት ላይ ያመልክት።

ይህን ማድረግ ግን ለዘለዓለም ጊዜ አይሰጥም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዢው ምቹ ጊዜ እንዳገኘ ዕቃውን እንዲመረምር፣ ጉድለትም ቢያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ዕቃውን ሳይፈታ በመጋዘን ከርሞ ዐመት ቆይቶ የሚያጉረመርም ገዢ በአፉ አልቀበልም ቢልም በሥራው እንደተቀበለ ሊቆጠርበት ይችላል።

ሐ. በ«ነገር ግን» የሚፈርስ መቀበል

አንዳንዱ መቀበል በስሙ መቀበል ሆኖ በሕግ ዐይን አለመቀበል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1694 መሠረት፣ የቀረበለትን የውል ሐሳብ በመጠባበቂያ ወይም ከቀረበው ሐሳብ ጋር በትክክል በማይስማማ አኳኋን የተቀበለ ሰው ሐሳቡን እንዳልተቀበለና አዲስ ሐሳብ እንዳቀረበ ይቆጠራል።

ይኸውም እንደሚከተለው ነው። ሻጭ «አንዱን ኩንታል በብር 9,000 በእጅ በእጅ እሸጣለሁ» ብሎ ጻፈ። ገዢም «ዋጋውን በደስታ ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን የምከፍለው በ60 ቀን ውስጥ ይሆናል» ብሎ መለሰ። ገዢው ውሉ ተፈጸመ ብሎ መኪና ይከራያል፤ ሻጩ ግን በዚያው ቀን ዕቃውን ለሌላ ቢሸጥ ውል አላፈረሰም። የተጀመረው ውል ገና አልታሰረምና። «በደስታ» የሚለው ቃል «ነገር ግን» ያፈረሰውን አይጠግንም። ስለዚህ መቀበል የፈለገ ሰው የቀረበለትን እንደቀረበለት ይቀበል፤ የክፍያ ጊዜ ለመለመን የፈለገም ልመናውን ከመቀበሉ በፊት ለይቶ ያቅርብ።

መ. በሐዋላ ወረቀት ላይ የሚጻፍ «ተቀብያለሁ»

ይህ ቃል ሙሉ ኀይሉን የሚያገኘው በሐዋላ ወረቀት ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 በከፊል ቢተካም ስለ ንግድ ወረቀቶች የሚናገረው ክፍሉ አልተሻረም። በዚህ ሕግ መሠረት በሐዋላ ወረቀት እንዲከፍል የታዘዘው ሰው ትእዛዙ ስለተጻፈበት ብቻ ባለዕዳ አይሆንም። ባለዕዳ የሚሆነው «ተቀብያለሁ» ብሎ ወይም ይህንኑ የሚመስል ቃል ጽፎ ሲፈርም ነው። በወረቀቱ ፊት ለፊት ላይ ፊርማውን ብቻ ቢያኖርም እንደተቀበለ ይቆጠራል። ስለዚህ «ማየቴን ለማመልከት ብቻ ነው የፈረምሁት» የሚል ምክንያት አያድነውም።

በዚህ ወረቀት ላይ የሚደረግ መቀበል ያለ ቅድመ ሁኔታ መሆን ይገባዋል። ከገንዘቡ ከፍሎ መቀበል ግን ተፈቅዷል፤ የብር 100,000 ትእዛዝ የቀረበለት ሰው «ለብር 60,000 ተቀብያለሁ» ሊል ይችላል። ከዚህ ውጭ የወረቀቱን ቃል ቢለውጥ እንዳልተቀበለ ይሆናል። ወረቀቱ በቀረበለት ቀን ልቡ ያልቆረጠለት ሰው በማግሥቱ ዳግመኛ እንዲቀርብለት ሊጠይቅ ይችላል። አንድ ቀን ማሰብ አንድ ጊዜ ፈርሞ ከመጸጸት ይሻላልና ይህን መብት አለመዘንጋት ያሻል።

ሠ. «አጸደቀ»

ጸደቀ ማለት እውነተኛ ሆነ፣ ትክክል ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ገበሬም ከመደብ ነቅሎ የተከለው ችግኝ ሥር ሲይዝለት «ጸደቀ» ይላል። ማጽደቅ እንግዲህ ራሱን ችሎ ሊቆም ያልቻለውን ነገር ሥር እንዲይዝ ማድረግ ነው። በንግድ ሥራ ይህ ቃል ስፍራ የሚያገኘው ወኪል ከተሰጠው ሥልጣን አልፎ ሲሠራ ነው።

ለምሳሌ፣ አንድ ነጋዴ ከሐላባ 100 ኩንታል በርበሬ እንዲገዛለት ወኪሉን ይልካል። ወኪሉ ዋጋው መልካም መስሎት በነጋዴው ስም 150 ኩንታል ይገዛል። ሕጉ በቁጥር 2190 ለነጋዴው ሁለት በር ይከፍትለታል፤ ከሥልጣን ውጭ የተሠራውን አላውቅም ሊል ወይም ሊያጸድቀው ይችላል። ያጸደቀ እንደሆነ ወኪሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሥልጣኑ እንደሠራ ይቆጠራል። ዋጋ በማግሥቱ ቢወርድ ኪሣራው የነጋዴው ነው፤ ቢወጣም ትርፉ የእርሱ ነው።

ነጋዴው ለወኪሉ «የጻፍከው ደርሶኛል፤ አስቤበት እመልስልሃለሁ» ቢል አላጸደቀም። «የመቶ ኩንታሉን ተቀብያለሁ፤ የሃምሳውን ግን አላጸደቅሁም» ቢል ነገሩን በግልጽ ከፍሏል። ነገር ግን አፉ «አላጸደቅሁም» እያለ መኪና ልኮ መቶ ሃምሳውንም ኩንታል ካስጫነ ሥራው ቃሉን ይሽርበታል። ሻጩም በጥርጣሬ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ሕጉ አስቦለታል፤ ነጋዴው ያጸድቅ ወይም ይተው እንደሆነ ወዲያውኑ እንዲገልጽለት ሊጠይቀው ይችላል። ፈጥኖ ያላጸደቀ ሰው እንዳልተቀበለ ይቆጠራል።

ረ. «አስታወቀ» እና «አረጋገጠ»

ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ነጋዴዎች ዘወትር የሚገናኙት ከመተማመኛ ሰነድ ጋር ነው፤ በተለምዶ ኤልሲ ይሉታል። የአማርኛ ስሙም ከማመን የወጣ መሆኑን ልብ ይሏል። ይሁን እንጂ በሰነዱ ውስጥ ስማቸው የሚገኘው ባንኮች ሁሉ እኩል ግዴታ የለባቸውም። አስታዋቂ ባንክ ሰነዱ መከፈቱን ለላኪው ይነግራል፤ በውጭ መልኩ እውነተኛ መስሎ መታየቱንም ይመለከታል፤ በዚህ ሥራው ግን እከፍላለሁ አላለም። አረጋጋጭ ባንክ ግን ከከፋቹ ባንክ ግዴታ በላይ የራሱን የመክፈል ግዴታ ይጨምራል። «አረጋገጠ» የሚለው ቃል «እርግጥ» እና «ረገጠ» ከሚሉት ጋር የአንድ ሥር ፍሬ ነው፤ እግር የረገጠው መሬት ጽኑ መሆኑ እንደሚታወቅ ሁሉ የተረጋገጠ ሰነድ ሁለት ባንኮች የቆሙበት ነው። ቡናውን ወይም ሰሊጡን ለማያውቀው አገር የሚልክ ነጋዴ «ባንካችን አስታውቆናል» የሚለውን ቃል «ባንካችን አረጋግጦልናል» ብሎ ቢተረጉመው፣ ከፋቹ ባንክ መክፈል ባቃተው ቀን የተረዳው ነገር እንዳልነበረ ያያል።

አስመጪውም የሚጠነቀቅበት ቃል አለ። ከሻጩ የመጡት ሰነዶች ከመተማመኛው ሰነድ ጋር ልዩነት የተገኘባቸው እንደሆነ ባንኩ አስመጪውን ልዩነቱን ይቀበል እንደሆነ ሊጠይቀው ይችላል። «ልዩነቱን ተቀብያለሁ» ብሎ የፈረመ አስመጪ ክፍያውን የከለከለውን በር በራሱ እጅ ከፈተ። ባንኮች የሚመረምሩት ሰነድን እንጂ ዕቃን አይደለምና፣ ልዩነቱ የአንድ ፊደል ስሕተት ይሁን ወይስ የጭነቱ ቀን ማለፍ መሆኑን ሳያነቡ መፈረም አይገባም።

ሰ. ዝምታስ ከየትኛው ወገን ነው?

ዝምታ ስምምነት ነው ሲባል ይሰማል። በንግድ ግን ዝምታ እንደ ስፍራው ይለዋወጣል።

በመሠረቱ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1682 መሠረት ዝምታ ብቻውን የውል ሐሳብን እንደመቀበል አይቆጠርም። ያላዘዘው ዕቃ ዋጋ ተጽፎ የተላከለት ባለ ሱቅ ስላልመለሰ ብቻ ገዢ አይሆንም። ነገር ግን ቀድሞ የንግድ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች ሲሆኑ፣ አንደኛው ያለውን ውል ለመቀጠል ወይም ለማሻሻል በተለየ ጽሑፍ ሐሳብ አቅርቦ በተገቢው ጊዜ መልስ ካልመጣ እንደ ስምምነት የሚቆጥረው መሆኑን ካስታወቀ፣ ቁጥር 1684 ዝምታውን መቀበል ያደርገዋል። ስለዚህ ከቆየ ደንበኛ የመጣ ደብዳቤ ሳይነበብ ሊቀመጥ አይገባም።

በወኪል ጉዳይ ከላይ እንደተገለጸው ዝምታ አለማጽደቅ ነው። በመተማመኛ ሰነድ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2007 ጀምሮ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ፣ ባንክ ሰነዶቹ ከቀረቡለት ቀን ቀጥሎ ባሉት ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀናት ውስጥ መርምሮ እንቢታውን በደንቡ መሠረት ማስታወቅ አለበት። ከፋቹ ባንክ ይህን ሳያደርግ ከቀረ ሰነዶቹ ጉድለት አለባቸው ብሎ መከራከር አይችልም። እንግዲህ አንዱ ዝምታ በአንድ ስፍራ ምንም አይደለም፤ በአንድ ስፍራ አለመቀበል ነው፤ በሌላውም ስፍራ መቀበል ነው።

ሸ. የትምህርቱ ማጠቃለያ

መድረሱን ብቻ ለመግለጽ፦ «ደርሶናል»።
ቁጥሩን መስክሮ ለመያዝ፦ «ቆጥረን ተረክበናል»።
በሐሳብ ወይም በዋጋ ለመስማማት፦ «ያለ ለውጥ ተቀብለናል»።
በዕዳ ላይ ለመመስከር፦ «ይህ ዕዳ እንዳለብን እናምናለን»።
ወኪል ከሥልጣኑ አልፎ የሠራውን የራስ ለማድረግ፦ «አጽድቀናል»።
የራስን የመክፈል ግዴታ በሌላው ግዴታ ላይ ለመጨመር፦ «አረጋግጠናል»።

ከእነዚህ ቃላት አንዱን ጽፎ ከመፈረም በፊት ነጋዴው ሦስት ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፦ የተቀበልሁት ምኑን ነው? ስንቱን ነው? ሳልመረምረው የቀረ ነገር አለን? መልሱን በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ካስገባው ቃሉ ከታሰበለት በላይ አይሄድም፤ በታችም አይቀርም።

ለመለማመጃ የሚሆኑ አራት ዐረፍተ ነገሮች ከነመልሳቸው እነሆ።

1. «የላኩት ናሙና ደርሶናል፤ እናመሰግናለን።» ምስጋና ነው፤ የግዢ ግዴታ የለበትም።

2. «ዋጋውን ተቀብለናል፤ ሆኖም ማጓጓዣውን ሻጩ ይክፈል።» ማጓጓዣው በገዢው እንዲሆን ቀርቦ ከነበረ ይህ አለመቀበል ነው፤ አዲስ ሐሳብም ነው።

3. «ከዕዳው ላይ ለጊዜው ብር 5,000 ልኬአለሁ።» ለቀሪው ዕዳ ማመን ነው፤ ይርጋውንም ያቋርጣል።

4. «ወኪላችን የፈረመውን አይተናል።» አየ እንጂ አላጸደቀም፤ ሻጩ የጠራ መልስ ሳያገኝ ዕቃውን ባይለቅ መልካም ያደርጋል።

በመጨረሻም፣ ቃላትን መለየት ለመሸሽ የሚሆን ብልኀት ተደርጎ እንዳይወሰድ ያስፈልጋል። ያመነውን በግልጽ አመንሁ የሚል፣ ያልተቀበለውንም በጊዜው አልተቀበልሁም የሚል ነጋዴ ከሁለቱም ወገን ይታመናል። ደንበኛው ቃሉን ሲያነብ ትርጉም መፈለግ አይኖርበትም። ዱቤ የሚሰጠው፣ ዕቃ በሩቅ የሚላክለት፣ በስልክ የተናገረውም እንደ ጽሑፍ የሚቆጠርለት እንዲህ ያለው ሰው ነው።